ስለት

ማክሰኞ ረፋድ ነበር፤ ኢዝሚር ዝናብ ጥሏል፣
ከመራልቲ ገበያ፣ የሱቄ መስታወት በላብ ተሸፍኗል።
ቢላ የሚስለው ኔጃቲ ገባና ቆመ ምንጣፉ ላይ፣
አብራው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ፣ ዝምተኛዋ ኢልካይ።
ሽርጡን አልፈታም፤ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር
የሞረድ ብናኝ አለ፣ እንደ ጥቁር ስኳር።

«ሥዕል ትስላለች» አለኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ገመና እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«አስተማሪዋ ጠርታኝ፣ ወረቀት አይበቃትም፣
ዘመኑ ሌላ ነው አለች፤ እኔ ግን አይገባኝም።»
«ገንዘቡ ይኸው» ብሎ በላስቲክ የታሰረ
የሊራ ጥቅል አውጥቶ፣ ሳልጠይቀው ቆጠረ።

እኔም የለመድኩትን ደረደርኩ፤
ከትልቁ ጀመርኩ።
ይህ የራሱ ስክሪን አለው፣ ያ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፣
ይህ ብዕር ስምንት ሺህ የግፊት እርከን ይለያል፣
ያ ደግሞ ባዶ ሰሌዳ፤ እጅ እዚህ ታች ይሠራል፣
ዓይን ግን እዚያ ማዶ፣ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

እሱ ቁጥሩን አልሰማም። ብዕሩን አነሣና
ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ቢላ እንደሚዳስስ፣ በጥሞና።
«ሲዶለዱም ማን ይስለዋል?»
                              «አይሳልም፤ ይጣላል።
አምስት መለዋወጫ ጫፍ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል።»
«የማይሳል መሳያ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፣
የሠላሳ ዓመት የድንጋይ ዱቄት ደረቱ ውስጥ ያለበት።

«ኮምፒውተርስ አለ?» አልኩት። «የወንድሜ ልጅ ትቶልን ሄዷል፤
ቀርፋፋ ነው፣ እንደኔ ሲነሣ ያቃስታል፣ ግን ይሠራል።»

«ትልቁን ውሰድላት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
ከትልቁ ሽያጭ ላይ የእኔም ድርሻ ነበር፤
ወር ሲሞላ ኪራይ አለ። ውሸት ግን አይደለም፣
ትልቁ በእውነት ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ እንከን የለውም።

ልጅቷን ስፈልጋት ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣
ከተጣለ ካርቶን ላይ፣ እርሳሷን ከፀጉሯ አውጥታ
የአባቷን ጫማ ትስላለች፤ የተንሻፈፈ ተረከዝ፣
የላላ ክር፣ የደረቀ ጭቃ፣ የቆዳው የጠፋ ወዝ።
ግራኝ ናት።
የመዳፏ ጠርዝ በእርሳስ ጠቁሮ ያበራል።

«ነይ ሞክሪ» ብዬ ትልቁን ሰጠኋት።
ጥሩ ሳለች። ትንሽ ቆየችና ግን ብዕሩን አስቀመጠች።
«እጄ ይሸፍነዋል» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤
ወደ ባዶው ሰሌዳ ሄደች፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ባዶው ለጀማሪ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤
ስንቱ ጎረምሳ ተንገሽግሾ ሲመልሰው አይቻለሁ።
እሷ ግን ቀና ብላ፣ እጇን ለራሱ ትታ፣
ከሚሽከረከር ድንጋይ የሚረጨውን ብልጭታ
ስክሪኑ ላይ አፈሰሰችው፦ የሚታጠፍ፣ የሚፈነዳ፣
ጫፉ ሁለት የሚሆን፣ ጨለማ ላይ የሚቀዳ።

«ከማን ተማርሽ?» አልኳት።
በአገጯ አባቷን አሳየችኝ።
«እሱ ቢላውን አያይም። ዓይኑ ብልጭታው ላይ ነው፤
እጁ ያውቃል።»

ከሦስቱ ርካሹ ነበር። ኔጃቲ ተጠራጠረ፣
ኩራቱ ተነካ መሰለኝ፣ ያንን ጥቅል ደግሞ ቆጠረ።
«ቅናሽ ፍለጋ አይደለም እኮ፤ ያለኝን ላወጣ ነው የመጣሁ፤
እንዳታንስብኝ ብዬ ነው ዓመት ሙሉ ስስል የባጀሁ።»
«አያንስም» አልኩት እኔ፣ ድርሻዬን እያሰብኩ፣
በዚያው በሊራው ላስቲክ ካርቶኑን ጠፈርኩ።

ቼሪ ገበያ ሲወጣ
ብቻውን ተመልሶ መጣ።
«እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ሰርቄ ነው» ብሎ፣ ከመሃረብ ፈታ
ብዕሩን ከነጫፉ አስቀመጠው፣ በቀስታ።
ጫፉ በአንድ ጎን ተበልቷል፤ አግድም ተቆርጦ፣ ሹል፣
የግራ እጅ ያሾለው መሮ ይመስል።
መለዋወጫ ላወርድ ስንጠራራ በእጁ ከለከለኝ።
አውራ ጣቱን አሳርፎበት ቆየ፤
«ልቀይርልሽ ብያት ነበር» አለ፣
«"ተወው ባባ" አለችኝ፤ "ገና አሁን ተሳለ።"»